ከአፕዴት በኋላ ስካነሩ እምቢ ሲል፦ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ስካነሩ ትናንት ይሠራ ነበር። ማታ ኮምፒውተሩ አፕዴት አደረገ። ዛሬ ጠዋት ፕሮግራሙ ሲከፈት «ስካነር አልተገኘም» ይላል። መብራቱ በርቷል፣ ኬብሉ ተሰክቷል፣ ወረቀቱም ተደርድሯል።

በዚህ ጊዜ ቢሮ ውስጥ ሦስት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «አፕዴቱን መልሰው» ይላል። ሌላው «ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩና ስካነሩ የሚግባቡበትን ሶፍትዌር) እንደገና ጫነው» ይላል። ሦስተኛው «አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ» ይላል። ሦስቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ሦስቱም ጊዜና ገንዘብ የሚያባክኑበት ጊዜም አለ። የቱ እንደሚያዋጣ ለማወቅ መጀመሪያ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። አፕዴቱ ያመጣው ብልሽት ነው ወይስ ውሳኔ?

ብልሽት ከሆነ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሠሪዎች ሳያስቡት ያበላሹት ነገር ነው። ውሎ አድሮ ያስተካክሉታል። ውሳኔ ከሆነ ግን አውቀው ያስቀሩት ነገር ነው፤ ቢጠብቁትም አይመለስም። የመጀመሪያው ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ሌላ መንገድ።

ምሳሌ ልስጥ። ዊንዶውስ 11 24ኤች2 የሚባለው እትም እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ፣ ኢኤስሲኤል በሚባለው የስካን ፕሮቶኮል (ስካነርና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ደንብ) የሚሠሩ አንዳንድ ማሽኖች በዩኤስቢ ሲሰኩ ኮምፒውተሩ አላገኛቸውም። ማይክሮሶፍት ችግሩን አመነ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለተሰካባቸው ኮምፒውተሮች አዲሱን እትም ለጊዜው ከለከለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ማስተካከያውን ለቀቀ። ይህ ብልሽት ነው። በእነዚያ ሳምንታት አዲስ ስካነር የገዛ ቢሮ ገንዘቡን በከንቱ አወጣ።

አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ማክኦኤስ ካታሊናን ሲያወጣ 32 ቢት የሚባሉትን የቆዩ ዓይነት ፕሮግራሞች (አዲሶቹ 64 ቢት ናቸው) ጨርሶ አስቀረ። በርካታ የስካነር ሶፍትዌሮች 32 ቢት ስለነበሩ አልከፈት አሉ። ይህ ውሳኔ ነው። ዊንዶውስ 11ም 32 ቢት እትም የለውም። በ32 ቢት ዊንዶውስ 10 ላይ በአሮጌ ድራይቨር ሲሠራ የኖረ ስካነር ወደ 11 ሲዛወሩ ያንን ድራይቨር ይዞ አይሄድም።

በመሃል ያለ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ማይክሮሶፍት አንድ የደህንነት ቀዳዳ ሲደፍን፣ ሠራተኛው በስማርት ካርድ የሚገባባቸው አንዳንድ ፕሪንተሮች፣ ስካነሮችና ሁለገብ ማሽኖች ማተምም ስካን ማድረግም ተሳናቸው። ማይክሮሶፍት ለአንድ ዓመት ያህል ጊዜያዊ ማለፊያ ሰጠና በ2022 ዘጋው። መስተካከል የነበረበት ደንቡን ያልጠበቀው ማሽን ነበር። እንዲህ ሲሆን የሚፈለገው ከስካነሩ አምራች የሚመጣ የፈርምዌር (ማሽኑ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር) አፕዴት ነው።

ብልሽትና ውሳኔን ለመለየት የማሽኑን ሞዴልና የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የእትም ቁጥር አንድ ላይ ጽፈው ይፈልጉ። ማይክሮሶፍት ለእያንዳንዱ የዊንዶውስ እትም የታወቁ ችግሮችን ዝርዝር ያወጣል። የስካነሩ አምራችም በየሞዴሉ የሚደግፋቸውን ሲስተሞች ይዘረዝራል። አምራቹ «ለዚህ እትም አይደገፍም» ካለ ነገሩ ውሳኔ ነው፤ መጠበቁ ዋጋ የለውም።

ከምርጫው በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ከስካነሩ መስታወት እስከ ፒዲኤፍ ፋይሉ ድረስ ብዙ ነገር አለ። ማሽኑ አለ፣ ኬብሉ ወይም ኔትወርኩ አለ፣ ድራይቨሩ አለ፣ ስካን የሚያደርገው ፕሮግራም አለ፣ በመጨረሻም ፋይሉ የሚቀመጥበት ቦታ አለ። አፕዴት አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ነው የሚነካው። የቱ እንደሆነ ሳያውቁ መፍትሔ መምረጥ ሳይመረመሩ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው።

ማሽኑ ኮፒም የሚያደርግ ከሆነ አንድ ገጽ ኮፒ ያድርጉበት። ኮፒው ደህና ከወጣ የሚያነበው ክፍል ጤነኛ ነው። ስካነር ብቻ ከሆነ አፕዴት ያላደረገ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩት። እዚያ ከሠራ «አርጅቷል» የሚለው ወሬ ወዲያው ይቆማል።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ማሽኑን ያየዋል ወይ? በዊንዶውስ «ዲቫይስ ማኔጀር» ይክፈቱ። የስካነሩ ስም ቢጫ ምልክት ይዞ ከታየ ችግሩ ድራይቨሩ ላይ ነው። ጨርሶ ከሌለ ኬብሉን፣ የዩኤስቢ ቀዳዳውንና ማከፋፈያ ሃቡን ይጠርጥሩ። ሃቡን ትተው በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩት። ስሙ ያለ ምንም ምልክት ከታየ ግን ወደ ፕሮግራሙ ይሂዱ።

ፕሮግራሙን ለመፈተን ሌላ ፕሮግራም መሞከር ነው። ዊንዶውስ «ፋክስ ኤንድ ስካን» የሚባል የራሱ ፕሮግራም አለው፤ ማክ ደግሞ «ኢሜጅ ካፕቸር» አለው። በእነዚህ ስካን ከተደረገ ድራይቨሩ ደህና ነው። ሁልጊዜ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ነው የቀረው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ። በዊንዶውስ ላይ ትዌይን የሚባለው የስካን ድራይቨር 32 ቢትና 64 ቢት ተብሎ ይለያል። 64 ቢት የሆነ ፕሮግራም የ32 ቢቱን የትዌይን ድራይቨር በቀጥታ መጠቀም አይችልም። የሰነድ ፕሮግራሙ ሳይታወቅ ወደ 64 ቢት ከተቀየረ ስካነሩ ከዝርዝሩ ውስጥ ይጠፋል። ድራይቨሩ ግን ከቦታው አልተነሳም። የፕሮግራሙን 32 ቢት እትም መልሶ መጫን ብቻ ይበቃ ይሆናል።

ደቂቃ የማይፈጁ ነገሮችም አሉ፤ ሳይሞከሩ መታለፍ የለባቸውም። ኮምፒውተሩን «ሪስታርት» ያድርጉት። ፈጣን ማስነሻው በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ «ሻት ዳውን» ሲባል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሁሉንም ከዜሮ የሚያስጀምረው «ሪስታርት» ነው። «ሰርቪስስ» ውስጥ «ዊንዶውስ ኢሜጅ አኩዊዚሽን» የሚለው የስካን አገልግሎት እየሠራ መሆኑን ይዩ። ስካነሩ በኔትወርክ የሚሠራ ከሆነ፣ ከአፕዴቱ በኋላ የቢሮው ኔትወርክ «ፐብሊክ» ተብሎ እንዳልተመዘገበ ያረጋግጡ። እንደዚያ ከሆነ ፋየርዎሉ ይዘጋበታል። በማክኦኤስ ሴኮያና ከዚያ በኋላ ባሉት እትሞች ደግሞ አንድ ፕሮግራም በኔትወርኩ ላይ ያሉ መሣሪያዎችን ለማየት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ የሚሰጠው «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ሎካል ኔትወርክ» በሚለው ነው። መልእክቱ ብቅ ሲል ሳያነቡ «አይ» ያሉ ሰዎች ስካነሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተፈታ ነው ምርጫው የሚመጣው።

አፕዴቱን መመለስ ወይስ መታገሥ?

ወደ ኋላ መመለስ ፈጣን ነው፤ ለዚህም ነው ሰው የሚወደው። ወርሃዊ የዊንዶውስ አፕዴት ከሆነ በአፕዴት ታሪክ ውስጥ ገብተው ያነሱታል። ሙሉ የእትም ለውጥ ከሆነ ግን ጊዜው አጭር ነው። ዊንዶውስ ወደ ቀድሞው እትም የመመለሻውን ቁልፍ የሚያቆየው፣ ማንም ካልቀየረው፣ 10 ቀን ነው። አሮጌዎቹ ፋይሎች ቦታ ለማስለቀቅ ቀድመው ከተሰረዙ ደግሞ 10 ቀኑም አይኖርም። ማክ ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም። ዲስኩን አጥፍቶ የቀድሞውን እትም መጫንና ፋይሎችን ከባክአፕ መመለስ ነው፤ ለአንድ ስካነር ተብሎ የሚገባበት ሥራ አይደለም።

ዋጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። አፕዴቶች የሚደፍኑት ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ ነው። የደንበኛ መታወቂያ፣ ውልና የሕክምና ወረቀት ስካን የሚደረግበት ኮምፒውተር ያለ መከላከያ እንዲቀመጥ መፍቀድ ከባድ ነገር ነው። ስለዚህ መመለስን የምመክረው ሁለት ነገር ሲሟላ ብቻ ነው። ነገሩ ብልሽት መሆኑ የታወቀ መሆን አለበት፤ ሥራውም መቆም የማይችል መሆን አለበት። ያኔም ቢሆን ቀን ቆርጦ ነው። ዊንዶውስ 11 አፕዴትን እስከ 5 ሳምንት ለማቆም ይፈቅዳል። ካላቆሙት ያነሱት አፕዴት ተመልሶ ይመጣል።

ከዚህ የተሻለ፣ ግን ብዙዎች የማያስታውሱት መንገድ አለ። ሲስተሙን ሳይሆን ድራይቨሩን ብቻ መመለስ ነው። ዊንዶውስ አፕዴት አንዳንዴ የአምራቹን ድራይቨር በሌላ ይተካዋል። «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ስካነሩን ከፍተው «ድራይቨር» በሚለው ገጽ ላይ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለው የሚጫን ከሆነ ይጫኑት። ደህንነቱ እንደተጠበቀ ስካነሩ ይመለሳል። እኔ ብሆን ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምጀምረው።

«እንግዲያው ዊንዶውስ 10 ላይ እንቆይ» የሚሉም አሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለስካነር ሲባል የቢሮውን ኮምፒውተር እዚያ ላይ ማስቀረት አይመከርም።

የአምራቹ ድራይቨር ወይስ የጋራው?

ቢጫ ምልክት ካለ መጀመሪያ የሚታሰበው ከአምራቹ አዲስ ድራይቨር ማውረድ ነው። ልክ ነው። የሚበላሸው አካሄዱ ነው። አሮጌውን ሳያነሱ በላዩ ላይ መጫን ሁለቱን ያጋጫል። መጀመሪያ የአምራቹን ሶፍትዌር ያንሱ። «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ መሣሪያውን ሲያስወግዱም የድራይቨሩን ፋይሎች አብሮ እንዲያጠፋ ምልክት ያድርጉ። ሪስታርት ያድርጉ። የዩኤስቢ ኬብሉን ነቅለው አዲሱን ይጫኑና ጫኚው «አሁን ሰካ» ሲል ይሰኩ።

ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረገጽ ብቻ ያውርዱ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጠቅታ እናድሳለን» የሚሉ ፕሮግራሞች የማይስማማ ድራይቨር ከነ ማስታወቂያቸው ጭነው የሚሄዱበት ጊዜ ብዙ ነው። አምራቹ ስሙን ቀይሮ ሊሆን እንደሚችልም ይወቁ። ለምሳሌ የፉጂትሱን ስካነሮች የሚሠራው ፒኤፍዩ እ.ኤ.አ. በ2022 በሪኮ እጅ ገባ። ከ2023 ጀምሮ ስካነሮቹ በሪኮ ስም ነው የሚወጡት። ማሽኑ ላይ ፉጂትሱ የሚል ተጽፎ ድራይቨሩ ግን የሚገኘው በሪኮና በፒኤፍዩ ገጾች ነው።

አዲሱ ድራይቨር ራሱ ቢጫ ምልክት ካመጣ በዊንዶውስ ደህንነት ውስጥ ያለው «ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ» ከልክሎት ይሆናል። ይህ መከላከያ የማይስማሙ አሮጌ ድራይቨሮች እንዳይጫኑ ያግዳል። ማጥፋት ይቻላል፤ ስካነሩም ይሠራል። ግን የኮምፒውተሩን ጥበቃ ዝቅ አድርጎ ወረቀት ማንበብ ትርፉ አይታየኝም። ይህ ከገጠመ ወደሚቀጥሉት መንገዶች መሻገር ይሻላል።

ኮምፒውተሩ ራሱ ተቀይሮ በአርም ፕሮሰሰር የሚሠራ ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ ለአርም የተዘጋጀ ድራይቨር ያስፈልጋል። የተለመደው የ64 ቢት ድራይቨር እዚያ አይገባም።

የጋራው መንገድ ይለያል። ኢኤስሲኤል የሚባለው ፕሮቶኮል የተለየ ድራይቨር ሳይጫን ስካን ለማድረግ የተዘጋጀ ነው። አፕል ኤርስካን ይለዋል። ማክም፣ ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተምም፣ ዊንዶውስ 11ም ያውቁታል። በቅርብ ዓመታት የወጡ አብዛኞቹ የኔትወርክ ማሽኖች አላቸው። ትልቁ ጥቅሙ የአምራቹ ድራይቨር ስለማያስፈልገው በሚቀጥለው አፕዴት የመሰበር ዕድሉ ዝቅ ማለቱ ነው። 2024 ላይ እንዳየነው ግን እሱም ሙሉ በሙሉ አያመልጥም።

የሚጎድለው ምንድነው? ጥራት፣ ቀለም፣ ሁለቱንም ገጽ ማንበብና ከመጋቢው ወረቀት መሳብ ይኖራሉ። ሁለት ወረቀት ተጣብቆ ሲገባ ማስጠንቀቅ፣ ባዶ ገጽ መዝለል፣ በባርኮድ ሰነድ መለየት፣ ማሽኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ወደ ኮምፒውተር መላክ የመሳሰሉት ግን ብዙ ጊዜ የአምራቹ ሶፍትዌር ሥራ ናቸው። በቀን ጥቂት ገጽ ለሚያነብ ቢሮ የጋራው ይበቃል፤ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ። በቀን ብዙ መቶ ገጽ ለሚያስገባ መዝገብ ቤት ግን ሳይታወቅ የተዘለለ አንድ ገጽ ትልቅ ጉዳት ነው። እዚያ የአምራቹን ድራይቨር መፈለግ ተገቢ ነው።

ናፕስ2 ወይስ ቪውስካን?

ሁለቱም የስካን ፕሮግራሞች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም አብረው ይነሳሉ። የሚፈቱት ችግር ግን አንድ አይደለም።

ናፕስ2 ነፃና ክፍት ምንጭ ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ቀላል ነው፤ ገጾችን ማስተካከል፣ ፒዲኤፍ ማድረግና ከምስሉ ላይ ጽሑፉን ማንበብ ይችላል። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ድራይቨር ወይም በኢኤስሲኤል በኩል ነው። ድራይቨሩ ከሞተ ናፕስ2 አያስነሳውም። ድራይቨሩ ደህና ሆኖ የአምራቹ ፕሮግራም አልከፈት ካለ ግን ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

ቪውስካን ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ ያለ የሚከፈልበት ፕሮግራም ነው። ልዩነቱ ለብዙ ስካነሮች የራሱን ድራይቨር ይዞ መምጣቱ ነው። ሠሪው ከ7,000 በላይ ሞዴሎችን እንደሚደግፍ ይገልጻል። አምራቹ ከተወው ከብዙ ዓመት በኋላም ማሽኑን ሊያነሳው ይችላል። ለአንዳንድ ሞዴሎች የአምራቹ ድራይቨር አብሮ መኖር ስላለበት የሞዴልዎን ገጽ አስቀድመው ያንብቡ። የሙከራ እትሙ ምስሉ ላይ ምልክት ያትማል። ምልክቱ ያለበት ገጽ በትክክል ከወጣ ቢገዙትም ይሠራል ማለት ነው። ሳይሞክሩ አይክፈሉ። መጋቢውንም፣ ሁለቱንም ገጽ ማንበቡንም ይፈትኑ።

በተለይ ፊልምና ኔጋቲቭ የሚያነቡ ስካነሮች ያሏቸው ሰዎች ቪውስካንን ይያዙ። እንደ ኒኮን ኩልስካን ያሉት ማሽኖች መመረት ካቆሙ ቆይቷል፤ ምትክ ማግኘትም ከባድ ነው። የእነሱ ዕድሜ በሶፍትዌር ነው የሚራዘመው።

አሮጌ ኮምፒውተር፣ ቨርቹዋል ማሽን ወይስ ሊኑክስ?

አምራቹ ትቶት፣ ቪውስካንም አላውቀውም ካለ፣ ማሽኑ ግን ጤነኛና ውድ ከሆነ ይህ ይቀራል።

አሮጌ ኮምፒውተርን ለስካነሩ ብቻ መመደብ ቀላሉ ነው። አደጋው ድጋፍ በሌለው ሲስተም ላይ መሆኑ ነው። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 አልቋል። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ከኢንተርኔትም ከቢሮው ኔትወርክም መውጣት አለበት። ፋይሉ በፍላሽ ይወጣል። ፍላሹን በየጊዜው መፈተሽ ግዴታ ይሆናል። ሥራው ይሰለቻል፤ ሰው ደግሞ ሲሰለቸው «ለአንድ ቀን ብቻ» ብሎ ኔትወርኩን ይሰካዋል። በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ አሮጌውን ሲስተም ለብቻው ማስነሳት ነው። ቨርቹዋልቦክስ የተሰካውን ዩኤስቢ ወደ ውስጥ ማሳለፍ ይችላል። የማይክሮሶፍት ሃይፐር ቪ ግን ይህን በቀጥታ አያደርግም። ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ነው። ወረቀቱን በሚያስገባው ሠራተኛ ላይ የሚጫን ግን አይደለም። በየቀኑ ሁለት መስኮት መክፈትና ዩኤስቢውን ወደ ውስጥ ማስገባት ያደክማል።

እኔ የማደላው ለሊኑክስ ነው። ሴን የሚባለው የሊኑክስ የስካን ሥርዓት ብዙ አሮጌ ማሽኖችን እስካሁን ያውቃል። የሚደግፋቸውን ሞዴሎች «ሙሉ»፣ «ጥሩ»፣ «መሠረታዊ» እያለ በዝርዝር ያወጣል። የእርስዎ ሞዴል «ሙሉ» ወይም «ጥሩ» ከሚሉት ውስጥ ከሆነ ያንኑ አሮጌ ኮምፒውተር ሊኑክስ ይጫኑበት። የደህንነት አፕዴት እያገኘ ስካነሩን ያሠራል። ናፕስ2ም ከአንድ ኮምፒውተር ላይ ስካነሩን በኔትወርክ ለሌሎች የማጋራት አገልግሎት አለው። ስለዚህ ሌላው ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሳ ይጠቀምበታል። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ግን በዚህ መንገድ ጊዜ አያጥፉ።

ፎልደር፣ ኢሜይል ወይስ ፍላሽ?

ትልቁ የቢሮ ማሽን ኮምፒውተር ሳያስፈልገው በራሱ ስካን አድርጎ ይልካል። ድራይቨር የለውም፤ ስለዚህ አፕዴት አይነካውም ብለን እናስባለን። ይሁን እንጂ የፎልደር ስካን ከአፕዴት በኋላ ሲቆም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ፋይሉ የሚሄደው ዊንዶውስ ላይ ወዳለ ፎልደር ስለሆነ፣ የዊንዶውስ የፋይል መቀበያ ደንብ ሲቀየር ማሽኑ እንዳይገባ ይከለከላል።

መቀበያው ኤስኤምቢ ይባላል። የመጀመሪያው እትሙ በጣም አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተዛመተው በእሱ ቀዳዳ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ የመጀመሪያው ኤስኤምቢ በአዲስ ጭነት ላይ አብሮ አይመጣም። እሱን ብቻ የሚያውቁ አሮጌ ማሽኖች ያን ጊዜ ተቆረጡ። ዊንዶውስ 11 24ኤች2 ደግሞ በፕሮና በኢንተርፕራይዝ እትሞች ላይ የኤስኤምቢ ግንኙነት ሁሉ በዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጥ በነባሪነት ያስገድዳል። ፊርማ የማይችል ማሽን ይከለከላል። ይህም ውሳኔ ነው፤ ይሻሻላል ተብሎ አይጠበቅም።

ኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚገኘው ምክር «የመጀመሪያውን ኤስኤምቢ መልሰህ አብራው» ነው። እባክዎ አያድርጉት። ስካነር ለማስነሳት የመላው ቢሮውን ኔትወርክ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ይልቅስ የማሽኑን የአስተዳደር ገጽ በአይፒ አድራሻው (ኔትወርክ ላይ ባለው ቁጥሩ) ይክፈቱና ኤስኤምቢ 2 ወይም 3 የሚል ምርጫ ይፈልጉ። ብዙ ማሽኖች አላቸው፤ ሳይበራ የቀረ ነው። ከሌለ የፈርምዌር አፕዴት ይፈልጉ። የጥገና ውል ካለ ይህን ባለሙያው እንዲያደርገው ይጠይቁ።

የፕሮቶኮሉ ጉዳይ ካልሆነ የስምና የፓስወርድ ነው። ማሽኑ የአንድን ሠራተኛ ስምና ፓስወርድ ይዞ ይሆናል። ያ ሰው ፓስወርዱን ሲቀይር ስካኑ ይቆማል። ለማሽኑ ብቻ የሚሆን የተለየ ተጠቃሚ ጠንካራ ፓስወርድ ሰጥተው ይክፈቱለት፤ ወደዚያች አንዲት ፎልደር ብቻ እንዲጽፍ ይፍቀዱለት። ኮምፒውተር ሲከፈት የሚገባው የፒን ቁጥር እዚህ አይሠራም።

ኢሜይል ለመቀበል ምቹ ነው። ግን የራሱ ችግር አለበት። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2022 ለግል አድራሻዎች በተራ ፓስወርድ ብቻ የሚገቡ መሣሪያዎችን ከልክሏል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርቶ ለማሽኑ የተለየ የመተግበሪያ ፓስወርድ ማውጣት ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍትም በተመሳሳይ መንገድ እያጠበቀ ነው። አሮጌ የምስጠራ ደንብ ብቻ የሚያውቅ ማሽንም የሜይል ሰርቨሩ አይቀበለውም። ጂሜይል ላይ ከ25 ሜጋባይት በላይ አባሪ አይሄድም፤ ወፍራም ፋይል በቀለም ስካን ሲደረግ በቀላሉ ያልፈዋል። የኢሜይል ስካን ከአፕዴት ጋር አንድ ሰሞን ስለቆመ ብቻ አፕዴቱን አይክሰሱ። ሁለቱ ላይገናኙ ይችላሉ።

ፍላሽ ለአስቸኳይ ነው። ማሽኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው በፋት32 ፎርማት የተዘጋጀ ፍላሽ ሰክተው ዛሬውኑ ሥራ ይቀጥላሉ። ምስጢር ያለበት ሰነድ የያዘ ፍላሽ ግን ይጠፋል፤ ሰውም ይረሳዋል። ለሳምንት እንጂ ለዓመት አይሆንም።

ከሦስቱ ፎልደሩ ይሻላል፤ ኤስኤምቢ 2 ወይም 3 ካለ። ከሌለ ማሽኑ መንገዱን ጨርሷል።

ስልክስ? በስልክ ካሜራ ሰነድ የሚያነቡ መተግበሪያዎች ለሁለትና ለሦስት ገጽ ጥሩ ናቸው። ከዚያ በላይ ለቢሮ ሥራ አይሆኑም። የደንበኛ ሰነድ በሠራተኛ የግል ስልክ ላይ መቅረቱም መታሰብ አለበት።

ማዳን ወይስ መግዛት?

አምራቹ ድጋፍ አቁሟል፣ ኢኤስሲኤል የለውም፣ ቪውስካንም ሴንም አያውቁትም። በዚህ ጊዜ መግዛት ተገቢ ነው። ሌላው የሚያስገድደው ጊዜ ነው። በየአፕዴቱ አንድ ሰው ግማሽ ቀኑን ለስካነሩ የሚሰጥ ከሆነ ማሽኑ በነፃ እየሠራ አይደለም።

የሚገዙ ከሆነ ፍጥነቱን ከማየት በፊት በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር ይጠይቁ። ኢኤስሲኤል ወይም ኤርስካን አለው? ወደ ፎልደር ሲልክ ኤስኤምቢ 3 እና ፊርማ ይችላል? ለኢሜይል ቲኤልኤስ 1.2 የሚባለውን የምስጠራ ደንብ ይደግፋል? አምራቹ ለዚህ ሞዴል መጨረሻ ፈርምዌር ያወጣው መቼ ነው? ከሦስት ዓመት በፊት ከሆነ ማሽኑ አዲስ ቢሆንም ሶፍትዌሩ ተትቷል ማለት ነው። የቢሮው የሰነድ ፕሮግራም ትዌይን ወይም አይሲስ (ሌላ የስካን ድራይቨር ዓይነት) የሚፈልግ ከሆነ ለዚያ ለ64 ቢት የተሠራ ድራይቨር እንዳለ ያረጋግጡ። በዩኤስቢ ብቻ ከሚሠራ ይልቅ ኔትወርክ ያለውን እመርጣለሁ። አንዱ ኮምፒውተር ቢያቅተው ሌላው ያነበዋል።

አሁን ያለው ስካነር የሚድን ከሆነ ደግሞ ከሚቀጥለው አፕዴት በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ ትልልቅ የእትም ለውጦች በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ቀን አይግቡ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫንና ከመጋቢው፣ በሁለት ገጽ፣ ወደ ፎልደሩም ጭምር ስካን ተደርጎ ይታይ። ሁለተኛ፣ ዛሬ የሚሠራውን የድራይቨር መጫኛ ፋይል ከነ እትም ቁጥሩ በቢሮው ሰርቨር ላይ ያስቀምጡ። አምራቾች የአሮጌ ሞዴሎችን ፋይል ሳያሳውቁ ከድረገጻቸው ያነሳሉ።